የማያውቅ ሻጭ፣ የሚያውቅ ገዢ

በአሜሪካ ገጠር አንድ ሽማግሌ ገበሬ አርፎ ጥቂት ወራት ሲያልፉ ግቢው እንደገና በሰው ይሞላል። ልጆቹ በየከተማው ተበትነዋል፤ እርሻውን የሚረከብ የለም። ትራክተሩም፣ አልጋውም፣ የጓዳው ኮተትም በአንድ ቀን በሐራጅ እንዲሸጥ ተወስኗል። አጫራቹ ከክምር ወደ ክምር እየተዘዋወረ ትንፋሽ ሳይወስድ ዋጋ ሲጠራ፣ ተጫራቾች ቁጥር የተጻፈበትን ካርድ ብድግ ያደርጋሉ። ከጎተራው ጥግ ብዙ ጊዜ አንድ የዛገ መስፍ፣ ማለትም ቀጥቃጭ ብረት አስቀምጦ የሚመታበት ከባድ ብረት፣ አይጠፋም። አጠገቡም እግሩ መሬት የሚነካ የቀጥቃጭ ሞርሳ፣ ጉጠቶች፣ እጀታቸው የበሰበሰ መዶሻዎች፣ ቆዳው የተሰነጣጠቀ ወናፍ ይገኛል። የሟቹ አባት ወይም አያት ማረሻ ይስል፣ ለፈረስ ኮቴ ብረት ይቀጠቅጥ የነበረበት ዘመን ቅሪት ነው። ለወራሾቹ ይህ ሁሉ ለማንሳት የሚከብድ አሮጌ ብረት ነው። ከተሰበሰበው ሰው መካከል ግን ምንነቱን የሚያውቅ አንድ ሁለት ሰው ይኖራል።

እዚህ ላይ ከገበያ የሚያልፍ ጥያቄ ይነሣል። ባለቤቱ ዋጋውን ያላወቀውን ዕቃ፣ የሚያውቅ ገዢ ዝም ብሎ በርካሽ ቢወስደው ያገኘው ምንድን ነው? ፈጣሪ የሰጠው ሲሳይ? በድካም ያካበተው እውቀት ደመወዝ? ወይስ የሌላ ሰው ገንዘብ? ፈላስፎችና የሃይማኖት ሊቃውንት ከ2000 ዓመት በላይ የዚህን ጥያቄ የተለያዩ መልኮች ሲያነሡና ሲጥሉ ኖረዋል። የክርክሩ ክብደት የሚገባው ግን በቅድሚያ ዕቃው ራሱ ምን ያህል እንደሚያታልል ሲታወቅ ነው።

መስፍ በዓይን ብቻ የሚለይ ዕቃ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ዱድሊው ፒተር ራይትና እንደ ሼፊልዱ ማውስሆል ያሉ የእንግሊዝ አምራቾች የሠሯቸው መስፎች አካላቸው ተቀጥቅጦ የተሠራ ለስላሳ ብረት ነው። በላዩ ላይ የጠነከረ የአረብ ብረት ገበታ በእሳትና በመዶሻ ተጣብቆበታል፤ የቀጥቃጩን ምት የሚቀበለውም ያ ገበታ ነው። ገበታው ከሥሩ ለቆ ከሆነ ላዩ ደህና መስሎ ይታያል፣ ሲመታ ግን ድምፁ ይታፈናል። መስፉ የተቀመጠበት ጎተራ በአንድ ወቅት ተቃጥሎ ከሆነ ሙቀቱ የአረብ ብረቱን ጥንካሬ ወስዶታል፤ ዝገት ከሸፈነው በኋላ ግን እሳቱን ያስታወሰ ሰው ከሌለ በማየት የሚያውቀው የለም። የተሸራረፈውን ጠርዝ አንዱ ባለቤት በብየዳ ሞልቶ፣ ሞርዶ፣ ቀለም ቀብቶት ሊሆን ይችላል። ሞርሳውም ቢሆን እምነት የሚጣልበት አይደለም። በሥራ ብዛት የሚያልቀው የብሎኑ ጥርስ ከቤቱ ውስጥ ስለተደበቀ፣ ፈትቶ ያላየ ገዢ የሚገዛው ነገር መያዝ ይችል እንደሆነ የሚያውቀው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ገዢዎች ትንሽ መዶሻ ይዘው ይመጣሉ፤ መታ መታ እያደረጉ ያዳምጣሉ። ሌሎች የኩሺኔታ ብይ ከ25 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይለቁበታል። ገበታው ደህና ከሆነ ብዪቱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነጥራ ትመለሳለች፤ ጥንካሬውን ያጣ ከሆነ ግን ዝቅ ብላ ትቀራለች። ፈተናውም ራሱ የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። በኒው ጀርሲ ግዛት በትሬንተን ከተማ የነበረው ፊሸር ኤንድ ኖሪስ ኩባንያ ገበታውን ከአረብ ብረት፣ አካሉን ደግሞ በቅርጽ ከሚፈስ ጊዛ እያደረገ መስፍ ይሠራ ነበር። ይህ መስፍ በአሠራሩ አይጮኽም። በጆሮው ብቻ የሚተማመን ሰው «የሞተ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ጥሏት የሄደው ግን ጎረቤት የማትረብሽ፣ ዕድሜ ልክ የምታገለግል መሣሪያ ነች። በእንግሊዞቹ መስፎች ጎን ላይ የሚነበቡት ሦስት ቁጥሮችም ምስጢራቸው ለሁሉም ክፍት አይደለም። 1፣ 3፣ 14 የሚል ከተቀረጸበት፣ የመጀመሪያው ባለ 112 ፓውንድ፣ ሁለተኛው ባለ 28 ፓውንድ፣ ሦስተኛው የነጠላ ፓውንድ መቁጠሪያ ነው። ሲደመር 210 ፓውንድ፣ ማለትም 95 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ይኸው መስፍ አንድ ቀን በቁራጭ ብረት ዋጋ ይሄዳል፤ ሁለት አዋቂዎች ፊት ለፊት በተገናኙበት ሌላ ቀን ደግሞ ማንም ያላሰበው ዋጋ ይጠራበታል።

በዚህ ሁሉ ላይ የሐራጁ ደንብ አጭር ነው፤ ዕቃው የሚሸጠው ባለበት ሁኔታ ነው። ከተጫረቱ በኋላ መመለስ፣ መማረር፣ ልዩነት መጠየቅ የለም።

ገዢው የሚያቀርበው የመጀመሪያ መከራከሪያ ከዚሁ ይነሣል። «እኔም እከስራለሁ» ይላል። እውነቱን ነው። በ1971 ካፔን፣ ክላፕና ካምቤል የተባሉ ሦስት የነዳጅ ዘርፍ ባለሙያዎች በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ለነዳጅ ፍለጋ ስለሚካሄዱ ጨረታዎች ባሳተሙት ጥናት አንድ የሚያሳስብ ነገር አሳይተው ነበር። ማንም በእርግጠኝነት በማያውቀው ነገር ላይ ብዙዎች ሲገምቱ፣ ጨረታውን የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ከሁሉም በላይ አብዝቶ የገመተው ነው፤ ስለዚህ ማሸነፉ ራሱ የመሳሳቱ ምልክት ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ያገለገለ ንብረታቸውን በጋዜጣ ማስታወቂያ ሲያስወግዱ በታሸገ ፖስታ ዋጋ ያስገባ ነጋዴ ይህን ስሜት ያውቀዋል። ፖስታው ሲከፈትና ከተከታዩ ተጫራች እጅግ ርቆ ሲገኝ፣ ከደስታው ጋር አንድ ድንጋጤ አብሮት ይመጣል። የተሰነጠቀ መስፍ በውድ የገዛ ቀጥቃጭም ለኪሳራው ካሳ የሚከፍለው የለም። ታዲያ ሲሳሳት የሚከስር ከሆነ ሲያገኝ ለምን ይጠየቃል?

ሁለቱም ወገኖች ባላወቁበት ጊዜ ይህ መከራከሪያ ሙሉ ኃይል አለው። በ1978 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ያገለገሉ ዕቃዎች የሚነግዱ ባልና ሚስት በሐራጅ አንድ አሮጌ ካዝና በ50 ዶላር ገዙ። የውስጠኛው ክፍል የተቆለፈ መሆኑ ተነግሯቸው ነበር። ቁልፍ ሠሪ ሲከፍተው 32,207 ዶላር ተገኘበት። ካዝናው የሟች ንብረት ስለነበር ገንዘቡ ለወራሾች ይመለስ ተባለ፤ የሥር ፍርድ ቤቶችም ለወራሾች ወሰኑ። በ1981 ግን የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ገልብጦ ገንዘቡ የገዢዎቹ ነው አለ። ሻጩ የተቆለፈ ካዝና መሸጡን እያወቀ፣ ይዘቱን ለራሱ ሳያስቀር፣ ሽያጩ የመጨረሻ ነው ብሎ ከሸጠ፣ ከነሆዱ ሸጦታል ማለት ነው። ውሳኔው ትክክል ይመስላል። ያልታወቀውን ነገር ሁለቱም ያዩት ነበር፤ የተቆለፈው በር በሁለቱም ፊት ነበር።

ነገር ግን ሕግ የፈቀደውን ሁሉ ሳይወስዱ የቀሩ ሰዎችም ነበሩ። የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ መጽሐፍ በሆነው በኢየሩሳሌም ታልሙድ ስለ ሺምዖን ቤን ሼታሕ የሚነገር ታሪክ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው ይህ ሊቅ የሚተዳደረው በተልባ እግር ሥራ ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ድካሙ ቢያሳዝናቸው ከአንድ ባዕድ ነጋዴ አህያ ገዙለት። አህያው ላይ ዕንቁ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ደስ ብሏቸው ከእንግዲህ መድከም እንደማያስፈልገው ሲያበሥሩት፣ ሊቁ በቅድሚያ የጠየቀው የዕንቁውን ዋጋ አልነበረም። ባለቤቱ ስለ ዕንቁው ያውቅ እንደሆነ ጠየቃቸው። እንደማያውቅ ሲነግሩት ዕንቁው እንዲመለስ አደረገ።

እዚህም እንደ ካዝናው ታሪክ ሲገዙ ሁለቱም አላወቁም፤ ማንም ማንንም አላታለለም። ሕግ መልስ ብሎ እንደማያስገድደው ደቀ መዛሙርቱ ያውቁ ነበር። የሊቁ ጥያቄ ግን የነገሩን ቦታ ይለውጠዋል። ደቀ መዛሙርቱ ያዩት በእጃቸው ያለውን ነው፤ እርሱ ያየው እቤቱ ተቀምጦ ያጣውን የማያውቀውን ሰው ነው። በሐራጅ ስለ ዕድል የሚወራው ሁሉ የገዢው ወሬ ነው። ሻጩ በወሬው ውስጥ አለመኖሩ የሚታወቀው አንድ ሰው ስለ እርሱ ሲጠይቅ ብቻ ነው።

ገዢው አስቀድሞ ያወቀ እንደሆነስ? በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቶማስ አኲናስ ታላቁን የነገረ መለኮት ሥራውን ሲጽፍ ስለ መግዛትና መሸጥ የተለየ ምዕራፍ መድቦለት ነበር። አብዛኛው ሰው የሚጠብቀው ሻጭን እንዲገሥጽ ነው፤ እርሱ ግን ወደ ገዢውም ይዞራል። ሻጩ ወርቅን መዳብ መስሎት ቢሸጥና ገዢው እያወቀ ቢገዛው፣ ግዥው ዓመፅ ነው፤ የመመለስም ግዴታ አለበት ይላል። በሌላ በኩል ደግሞ እህል ወደ ተወደደበት አገር ጭኖ የሄደ ነጋዴ፣ ከኋላው ሌሎች ነጋዴዎች እየመጡ መሆኑን ለገዢዎች የመናገር የፍትሕ ግዴታ የለበትም፤ ቢናገር ግን የበለጠ በጎነት ይሆንለታል ይላል። ይህ ሁለተኛው ምሳሌ ከኪኬሮ የመጣ ነው። ሮማዊው ኪኬሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ፣ በረሃብ ወደ ተመታችው የሮዶስ ደሴት ከእስክንድርያ እህል ስላመጣ ነጋዴ የሁለት ፈላስፎችን ክርክር አስቀምጧል። ዲዮጋን ሕግ ካዘዘው በላይ መናገር አያስፈልግም አለ፤ አንቲጳጥሮስ ገዢው ሻጩ የሚያውቀውን ሁሉ ማወቅ አለበት አለ። ኪኬሮ ከአንቲጳጥሮስ ጋር ቆመ።

አኲናስ ያሰመራት መስመር ለመስፍ ገዢ ጠቃሚ ናት። ስለ ነገ ዋጋ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ዕቃው ራሱ ምን መሆኑን ማወቅ ሌላ። መስፉ «መስፍ» ተብሎ ከቀረበ፣ ወራሾቹም ቀጥቃጮች እንደሚፈልጉት ካወቁ፣ ብዪቱ ምን ያህል እንደምትነጥር ፈትኖ ያወቀ ገዢ የሚጠቀመው በሙያው ነው። እንዲህ ያለውን ማንም አይነቅፈውም። ያው መስፍ «አሮጌ ብረት» ተብሎ ከተጣመመ ቧንቧ ጋር በአንድ ክምር ከቀረበ ግን ነገሩ የወርቅና የመዳቡ ነው። ሻጩ የሸጠው ሌላ ነገር ነው፤ ገዢው የገዛው ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ አስቸጋሪ ቦታ አለ፦ መስፍ መሆኑ ይታወቃል፣ የታዋቂ አምራች መሆኑ ግን በዝገት ተሸፍኗል። በሽቦ ቡርሽ ፈግፍጎ ስሙን ያነበበ ገዢ መልሶ በዝገት አፈር ቢያሻሸው፣ ከማወቅ ወደ መደበቅ ተሻግሯል። ፈግፍጎ እንዲሁ ቢተወው ግን ሁሉም ሊያየው ይችላል፤ እዚህ ላይ ፍርዱ ለገዢው ቢያደላ አያስደንቅም።

የእውቀት ደመወዝ የሚለው ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በ1998 ሪቻርድ ፖስትማን በአሜሪካ ስለተሠሩና ስለተገለገሉባቸው መስፎች የጻፈው መጽሐፍ የብዙ ዓመት ልፋት ፍሬ ነው። የአምራቾቹን ምልክት፣ የተከታታይ ቁጥራቸውን፣ የአሠራራቸውን ልዩነት በአንድ ላይ ያገኘነው እንዲህ ያሉ ሰዎች ስለደከሙ ነው። ያጠና ሰው ያጠናውን ሁሉ ለማያውቅ ሻጭ በነጻ ማስረከብ ካለበት ለምን ያጠናል? መልሱ ቀጥቃጩ ዕቃውን የሚፈልገው ለምን እንደሆነ ላይ ይወሰናል። ሊሠራበት ከፈለገው የእውቀቱ ደመወዝ እዚያው መሣሪያው ውስጥ አለለት። ሌላው ሰው መልሕቅ ያደርገው የነበረውን ብረት እርሱ ሃያ ዓመት እንጀራ ይበላበታል። ሊሸጠው የገዛ ከሆነ ግን ትርፉ በሙሉ የመጣው ከወራሾቹ አለማወቅ ነው፤ ይህንን ደመወዝ ብሎ መጥራት ይከብዳል።

ሐራጅ ከግል ሽያጭ ይሻላል የሚባለው ዋጋው በአደባባይ ስለሚወሰን ነው። ይህም ቢሆን የሚሠራው ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች ሲገኙና እርስ በርስ ሲፎካከሩ ነው። አንድ ብቻ ካወቀ አደባባዩ ምንም አልጨመረም፤ በጓሮ በር ከመግዛት የሚለየው በሰው ብዛት ብቻ ነው። ሁለቱ አስቀድመው ተማክረው አንዱ ዝም ቢል ደግሞ ከዚያ ይከፋል። ብሪታንያ በ1927 ነጋዴዎች በሐራጅ ላይ ላለመፎካከር ገንዘብ እየተቀባበሉ የሚስማሙትን ስምምነት በሕግ ወንጀል ያደረገችው ለዚህ ነው። በእስልምና ደግሞ በተቃራኒው፣ ለመግዛት ሳያስብ ሌላውን ለማሞኘት ዋጋ የሚያንር ሰው ሥራ «ነጅሽ» ተብሎ ተከልክሏል። የሁለቱም ክልከላ ጭብጥ አንድ ነው፤ በአደባባይ የተጠራ ዋጋ ውሸት መናገር የለበትም።

እያወቀ ከፍ አድርጎ የከፈለ ሰው ታሪክም አለ፤ ኪኬሮ ራሱ ይነግረናል። ኩዊንቱስ ስካይቮላ የተባለው የሮማ የሕግ ሊቅ አንድ መሬት ሊገዛ ፈልጎ ሻጩን ቁርጥ ዋጋ ጠየቀው። ሻጩ ነገረው። ስካይቮላ መሬቱ ከዚያ እንደሚበልጥ ተናግሮ 100,000 ሴስቴርስ ጨመረለት። ኪኬሮ የዘመኑን ሰዎች አስተያየት አልደበቀም፤ ደግ ሰው መሆኑን የካደ የለም፤ ብልህ መሆኑን ግን ብዙዎች ክደዋል።

ለኢትዮጵያውያን ምእመናን ግን እንዲህ ያለ አከፋፈል እንግዳ አይደለም። በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን አጸድ ምእመናን በስለት ያመጡት ጃንጥላ፣ መጋረጃ ወይም ምንጣፍ ለጨረታ ይቀርባል። የገበያ ዋጋውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም በዚያ ዋጋ ሊወስደው አልመጣም። አሸናፊው ብዙ ጊዜ ከፍሎ መልሶ ለቤተ ክርስቲያኑ ይሰጠዋል፤ ዕቃውም እንደገና ይጫረታል። በውጭ አገር ያሉ አብያተ ክርስቲያናትም ሕንጻ ለመግዛት ሲነሡ ይህንኑ ልማድ ይዘው ነው። በፔንስልቬንያ ላንካስተር አውራጃ አሚሽ የተባሉ፣ በጥንታዊ የገጠር ኑሮ የሚታወቁ ክርስቲያኖች በብርዱ ወራት ማብቂያ በጭቃ ሜዳ ላይ በሚሳተፉበት ሐራጅም፣ የፈረስ ዕቃና የእርሻ መሣሪያ የሚሸጠው ለበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ተከላካዮች ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ተጫራቹ ገንዘቡ ወደ ማን እንደሚሄድ ከፊቱ ያያል። ያየ ሰው ደግሞ እጁ ይፈታል።

አቡ ዳውድ የዘገቡት ሐዲሥ በዚህ ላይ የሚጨምረው አለ። ነቢዩን በመዲና ከረዱት ከአንሷሮች አንዱ ሊለምን ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣ። ቤቱ ምን እንዳለው ሲጠየቅ አንድ ጨርቅና አንድ የውሃ መጠጫ ብቻ እንዳለው ተናገረ። ነቢዩ ዕቃዎቹን አስመጥተው በእጃቸው ይዘው ማን እንደሚገዛ ጠየቁ። አንዱ አንድ ዲርሃም አለ፤ የሚጨምር እንዳለ ደጋግመው ሲጠይቁ ሌላው በሁለት ዲርሃም ወሰደው። ሰውዬው በአንዱ ዲርሃም ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ ታዘዘ፤ እጀታውን ነቢዩ በገዛ እጃቸው አበጁለት። እንጨት እየለቀመ ሲሸጥ ቆይቶ 10 ዲርሃም ይዞ ተመለሰ። በዚህ ሐራጅ የሻጩ ችግር የተደበቀ አልነበረም፤ አጫራቹ ለሻጩ ቆመው ነበር፤ የሽያጩ መጨረሻም መሣሪያ በእጁ ማስገባት ሆነ።

ሁሉም የሚያውቅበት ገበያ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ በኦሃዮ ግዛት ትሮይ ከተማ በየዓመቱ በመስከረም የሚደረገውን የቀጥቃጮች ስብሰባ ይመልከት። ሻጮች መስፉን፣ ጉጠቱን፣ ሞርሳውን ከመኪናቸው ኋላ ደርድረው ይቆማሉ። ሻጩም ገዢውም የአምራቹን ስም፣ ክብደቱን፣ ብዪቱ ስንት እንደምትነጥር ያውቃሉ። እዚያ ዋጋው ውድ ነው፤ በቁራጭ ብረት ዋጋ የሚወሰድ መስፍ የለም ማለት ይቻላል። ቀጥቃጮች በገጠር ሐራጅ ስላገኙት «ዕድል» ሲያወሩ የሚያወሩት እዚህ ስለማይገኘው ነገር ነው። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ብረቱ ላይ አይደለም፤ ሻጩ ላይ ነው።

በአሜሪካ ሐራጆች የተለመደ አንድ ደንብ አለ፤ በዕለቱ አጫራቹ በቃል የሚናገረው ማስታወቂያ ከታተመው ዝርዝር ይበልጣል። ጠዋት ዕቃ በሚታይበት ሰዓት መስፉን ያወቀ ቀጥቃጭ ወደ አጫራቹ ጠጋ ብሎ «ይህ አሮጌ ብረት ተብሏል፤ 95 ኪሎ የሚመዝን የእንግሊዝ መስፍ ነው፤ ገበታው ደህና ነው» ቢለው፣ ከሰዓታት በኋላ የሚጠራው ዋጋ ሌላ ይሆናል። ምናልባትም ከኪሱ አቅም በላይ ይወጣና መስፉ በሌላ ሰው መኪና ተጭኖ ይሄዳል። ወራሾቹ ግን አባታቸው ትተውት የሄዱት ምን እንደነበረ አውቀው ይሸጡታል፤ ወይም ከመካከላቸው አንዱ ሐሳቡን ለውጦ ከሽያጩ ያወጣዋል።